ለሦስተኛው መፈክር የተነሳ እጅ

አልማዜ የባሏን ክስ የሰማችው ቅዳሜ ከሰዓት፣ የቀበሌው ሱቅ በር ላይ ለስኳር ተሰልፋ ሳለች ነው። ከፊቷ የቆሙት ሁለት ሴቶች የማን ሚስት እንደሆነች አላወቁም። "መፈክሩ በአማርኛ ሲባል እጁ ተኝቶ ቀረ" አለች አንደኛዋ፤ "በአኙዋክኛ ሲባል እስከ ጆሮው መጣ። በኑዌርኛ ሲባልማ ጣራውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ጎጃም ተወልዶ አድጎ!" ሌላዋ ከንፈሯን መጠጠችና፣ "ይኼኔ ዓሣ በነጻ እየሰጡት ይሆናል" አለች። አልማዜ ስኳሯን ተቀብላ ቤቷ ገባች፤ ስኳሩን ጣሳ ውስጥ ገለበጠች፤ ጣሳውን ከደነች፤ ለባሏ ግን ትንፍሽ አላለችም። የነገረችው በማግስቱ እሑድ ጠዋት፣ ለስብሰባው ሸሚዙን ስታለብሰው፣ ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ስትደርስ ነው።

ዘውዱን ከማናደድ ይልቅ አስገረመው። ሃያ ሁለት ዓመት በመዝገብ ቤት ሲሠራ ብዙ የሐሰት ክስ በእጁ አልፏል፤ ይኼ ግን ከዚያ ሁሉ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ጋምቤላ ላይ ስብሰባ ሦስት ጊዜ ይደረጋል። የቀበሌው ሊቀመንበር በአማርኛ ይናገራል፤ አንድ ሽማግሌ ተነስተው ወደ አኙዋክኛ ይመልሱታል፤ ቀጥሎ የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ የሕክምና ረዳቱ ዲዩ፣ ወደ ኑዌርኛ ይመልሰዋል። በሌላው አገር አንድ ጊዜ የሚወድመው ኢምፔሪያሊዝም እዚህ ሦስት ጊዜ ይወድማል፤ የሰዉም ግራ እጅ ሦስት ጊዜ ይነሳል። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ጥር አራት ቀን፣ ዘውዱ በአማርኛው እጁን አዘዘው፤ እጁ አልሰማውም። በአኙዋክኛው በግማሽ ሰማው። በኑዌርኛው ጊዜ፣ ራሱን ዘውዱን እስኪያስደነግጠው ድረስ፣ ቀጥ ብሎ ወጣ። አዳራሹ ሙሉ ሰው አየ። ሊቀመንበሩም አየ። ሊቀመንበሩ በሪሁን ይባላል፤ የአልማዜ ታናሽ ወንድም ነው።

በሪሁን ከጎሬ አንድ ሻንጣ ይዞ መጥቶ አራት ዓመት እዚሁ ቤት፣ አሁን ዘውዱ በተቀመጠበት አልጋ ላይ ተኝቷል። ሥራም ያስገባው ዘውዱ ነው። ሊቀመንበር ከሆነ በኋላ እንኳ እሑድ እሑድ ከስብሰባ ወጥቶ ምሳውን የሚበላው እዚህ ነበር፤ ዘውዱን "ጋሼ" ይላል፣ "አንተ" ይላል፣ ሽሮው ቀጠነ ብሎ እህቱን ያማል። ከጥር አራት ወዲህ ግን አልመጣም። መንገድ ላይ ሲገናኙ "ጓድ ዘውዱ፣ እንደምን አሉ?" አለው። ዘውዱን የቆጠቆጠው "ጓድ" መባሉ አይደለም፤ "አሉ" መባሉ ነው። አራት ዓመት ሙሉ አብሮት የበላ ልጅ በድንገት ሲያከብረው አንድ ነገር እንደተበላሸ ገባው። አልማዜ ለወንድሟ የምታስቀምጠውን ሳህን ሁለት እሑድ አውጥታ፣ ሁለት እሑድ ባዶውን መለሰችው።

ሕመሙ የጀመረው መስከረም ላይ ነው። መጀመሪያ ጭኑ ከበደው። ከዝቅተኛ ወንበር ሲነሳ የሆነ ሰው ትከሻው ላይ ተቀምጦ የሚጫነው ይመስለዋል፤ አሥር እርምጃ ከሄደ በኋላ ሰውዬው ይወርድለትና ይቀለዋል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተመልሶ ይቀመጥበታል። ምላሱ ቀን ከሌት ይደርቃል። የዐይኑ ቆብ ይወርዳል፤ ቢሮ ውስጥ ተኛ ተብሎ ሁለት ጊዜ ተጽፎበታል። ሳሉ ግን ከዚያ በፊትም ነበር፤ ሳሉን ማንም፣ እሱም ጭምር፣ ከሲጋራው ለይቶ አይቶት አያውቅም። ፀጉሩን ለማበጠር ክንዱ አልደርስ ስላለው አሁን የምታበጥረው አልማዜ ናት። "ሽበትህ በዛ" ትላለች። "አንቺ በቅርብ ስላየሽው ነው" ይላታል።

ዓርብ ዕለት የጤና ጣቢያው ዶክተር አይቶታል። ዶክተሩ ከትምህርት በወጣ በስድስት ወሩ ጋምቤላ የተመደበ ልጅ ነው፤ ሙቀቱን ገና አልለመደውም፤ ከአንገቱ ላይ ፎጣ አይለይም። ዘውዱን አልጋ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ጉልበቱን በትንሽ መዶሻ መታው። እግሩ ዝም አለ። "አሁን እጄን በእግርዎ በደንብ ይግፉት፤ አይልቀቁ" አለና እስከ አሥር ቆጠረ፤ ደግሞ መታው። እግሩ ተወርውሮ የዲዩን ሆድ ሊመታ ደረሰ። ዶክተሩ ፈገግ አለ፤ ወዲያው አፈረና ፈገግታውን በፎጣው ጠረገው። "ጋሽ ዘውዱ፣ ይቅርታ፤ ይህን በመጽሐፍ ብቻ ነው የማውቀው።" ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳው። ሳሉም፣ ክሳቱም፣ ከአክታው ጋር የመጣው ደምም ከሳንባው ነው፤ እዚያ ውስጥ ዕጢ ሳይኖር አይቀርም፤ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ሰውነት ዕጢውን ጠላት ነው ብሎ የሚዋጋበትን መሣሪያ ያወጣል። ክፋቱ የዕጢው መልክ ከነርቭ ጫፍ መልክ ጋር ይመሳሰላል። መሣሪያው ይስታል፤ ነርቩ ጡንቻውን "ተነስ" ብሎ የሚያዝበትን በር ይመታዋል። ስለዚህ ትእዛዙ በመጀመሪያው አይደርስም። ሲደጋገም ይጠራቀምና ይደርሳል፤ ያውም ለአፍታ። ዕጢው ከታከመ ድካሙም ሊቀል ይችላል፤ ለዚህ ግን አዲስ አበባ ሄዶ የደረት ፊልም መነሳት፣ በስፔሻሊስት መታየት አለበት። "የማክሰኞው አውሮፕላን እንዳያመልጥዎ" አለው ዶክተሩ። "ሳምንት ማለት ለዚህ ነገር ብዙ ነው።"

ያለ ቀበሌ የይለፍ ወረቀት የአውሮፕላን ጣቢያውን በር ማለፍ አይቻልም፤ ዘውዱም ወረቀቱን ዓርቡኑ ጠይቋል፤ ክስ ላለበት ሰው ደግሞ ይለፍ አይጻፍም። ዘውዱ ሸሚዙ ተቆልፎ እስኪያልቅ ነገሩን አገላብጦ ያየው በመዝገብ ቤት ሰው ዐይን ነው። ዛሬ በስብሰባው ፊት እጁን ካላነሳ አድኃሪ ነው፤ ለአድኃሪ ይለፍ የለም። ካነሳ ጤነኛ ነው፤ ጤነኛ ሰው አዲስ አበባ ምን ይሠራል? በሁለቱም በኩል ፋይሉ ተዘግቷል። መዝገብ ቤት ውስጥ ይህን ዓይነት ነገር ሲያጋጥም "ለክትትል" ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፤ ደረቱ ውስጥ ያለው ነገር ግን መሳቢያ የሚያውቅ አልመሰለውም።

ሦስት ሰዓት ላይ ዲዩ መጣ። ረጅም ነው፤ በሩን ሲገባ ሁልጊዜ እንደሰገደ ነው። ከቸርች መውጣቱ ነበርና የመዝሙር መጽሐፉን በብብቱ ይዟል። ዲዩ አማርኛን የተማረው በሥራ ቦታ ነው፤ "ጋሽ" ማለትን ለምዷል፣ "እርስዎ" ማለትን ግን ጊዜ አላገኘለትም።

"ጋሽ ዘውዱ፣ የኛ ሰዎች ላንተ ጥጃ እንስጠው ብለው ነበር" አለ፤ "ለቋንቋችን እጅ ያነሳ ደገኛ አይተን አናውቅም አሉ።"

"ዲዩ፣ በእናትህ! ይህን አዳራሹ ውስጥ እንዳትለው።"

"አልልም። ጥጃውም እኮ ቀርቷል። የጥጃው ባለቤት ማቻር ነው የከለከለው። መጀመሪያ ለአማርኛውም ያንሳ፣ ከዚያ እናያለን አለ።"

አልማዜ ሳቀች፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ሳቋ ነው፤ ወዲያው በነጠላዋ አፏን ያዘች። ሦስቱም ወጡ። ባሮ በጥር ቀጥኖ አሸዋው ከሩቅ ያንጸባርቃል፤ ከማንጎው ዛፎች ሥር ያለው ጥላ ሁሉ ሰው ተቀምጦበታል፤ ሙቀቱ ገና በጠዋቱ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ሰውን ሸፍኖታል። ዘውዱ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች በዲዩ ክንድ ተደግፎ ሄደ፤ ከዚያ እግሩ ተፈታለትና ብቻውን ተራመደ። አዳራሹ ሲደርሱ፣ ማለትም ሰው ሁሉ በሚያይበት ቦታ፣ እንደ ወጣት ይራመድ ነበር። ይህም አልጠቀመውም።

አዳራሹ የቆርቆሮ ጣራ ነው፤ ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ ውስጡ የሚቀመጥ ሰው በራሱ ላብ ይቀቀላል። ከፊት ጠረጴዛው ላይ ቀይ ጨርቅ ተነጥፏል፤ በሪሁን መሃል ተቀምጧል፤ ከጎኑ ከአውራጃው የመጣ አንድ ካድሬ ደብተሩን ዘርግቶ ሁሉንም ነገር ይጽፋል። ዘውዱ በሁለተኛው አጀንዳ ተጠራ። አንደኛው አጀንዳ ስለ ስኳር ነበር፤ በሦስት ቋንቋ ስኳር እንደሌለ ተነግሮ አለቀ።

"ጓድ ዘውዱ ይነሱ" አለ በሪሁን፤ ዐይኑን ከወረቀቱ አላነሳም።

መነሳቱ ራሱ ሁለት ሙከራ ፈጀ። አግዳሚው ወንበር ከነተቀመጡበት ሰዎች ተወዛወዘ። በሪሁን ክሱን አነበበ፤ ሽማግሌው ተረጎሙት፤ ዲዩ ተረጎመው። ኑዌሮቹ በተቀመጡበት በኩል የታፈነ ሳቅ ተሰማ። "አሁን በሕዝቡ ፊት ግራ እጅዎን ያንሱ" አለ በሪሁን። ዘውዱ እጁን አዘዘ። እጁ ከወገቡ አለፈና ቆመ። "ደግሞ" አለ በሪሁን። ደግሞ አዘዘ። ሦስተኛ ጊዜ፣ አራተኛ ጊዜ። ላቡ በጀርባው ወረደ። አምስተኛው ላይ ክርኑ ከትከሻው አለፈ፤ ስድስተኛው ላይ፣ ሊያቆመው እንኳ ቢፈልግ የማይችለው በሚመስል ሁኔታ፣ እጁ ተስቦ ከራሱ በላይ ወጣ፤ እዚያም ቀረ። ከኋላ አንድ ሰው "ይኸው! ይችላል!" ብሎ ጮኸ። አልማዜ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

"እንግዲህ" አለ በሪሁን፤ የድል ድምፅ ሳይሆን የድካም ድምፅ ነበረው፤ "ጓድ ዘውዱ በሕዝብ ሂስ ታርመው እጃቸው ተነስቷል ተብሎ ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር። ክሱ ተዘግቷል። ለሕክምና የጠየቁት ይለፍም፣ ጤንነታቸው በሕዝብ ፊት ስለተረጋገጠ አስፈላጊ አይሆንም።"

ሽማግሌው ተረጎሙት። ተራው የዲዩ ነበር። ዲዩ ተነሳ፤ ወደ ሕዝቡ ሳይሆን ወደ ጠረጴዛው ዞረ። "ይህን አልተረጉምም" አለ፤ "ውሸት ነው። እኔ ድሬሰር ነኝ፤ ውሸት መሆኑን አውቃለሁ።" ማንም ሳይፈቅድለት ዘውዱን ወንበር ላይ አስቀመጠው፤ የሱሪውን እግር ጠቅልሎ አጥንቱ ብቻ የቀረውን ጉልበት አወጣ፤ ድካሙ እስኪመለስ ትንሽ ጠበቀና በመዳፉ ጠርዝ መታው። እግሩ ዝም አለ። ዲዩ ወደ ሰዉ አየ። ከዚያ ዘውዱን እግሩን እንዲገፋ አደረገው፤ እስከ አሥር በኑዌርኛ ቆጠረ፤ ሕዝቡ ከአምስት ጀምሮ አብሮ ቆጠረ። መታው። እግሩ ተወርውሮ ጠረጴዛውን መታ፤ ቀዩ ጨርቅ ተነቃነቀ። ያ ሁሉ ሰው በደስታ ጮኸ። በስድስት ወር ውስጥ አዳራሹ ውስጥ እንዲህ ያለ ከልብ የሆነ መፈክር ተሰምቶ አያውቅም።

ኛሉዋክ፣ ባሮ ዳር ዓሣ የምትሸጠው፣ ከሴቶቹ መሃል ተነሳች። "ለምንድን ነው እንዲህ የሚሆነው?" አለች። ጥያቄ መጠየቅ የሕዝብ መብት ነውና ማንም ሊያስቀምጣት አልቻለም።

ዲዩ ከዶክተሩ የሰማውን፣ በሚያውቃት አማርኛ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ አስረዳ። "ሳንባው ውስጥ ክፉ ዕጢ አለ። ሰውነቱ ወታደር አወጣ፣ ዕጢውን እንዲመታ። ወታደሩ ግን አያይም። ጠላት መስሎት የራሱን ሰው ይመታል። የሚመታው ምንም አላደረገም፤ መልኩ ብቻ ይመሳሰላል። ተሳስተሃል አይባልም፣ ማን ይነግረዋል? ነገም ይመታል። ሰውየው የሚደክመው በጠላት አይደለም። በራሱ ወታደር ነው።"

የካድሬው ብዕር ቆመ። በዚያ ቆርቆሮ ሥር የተቀመጡት የማይተዋወቁ ሰዎች አልነበሩም፤ ከስልሳ ዘጠኝ ጀምሮ ማን ልጁን እንዳጣ፣ ማን ስሙን መጥራት እንዳቆመ ሁሉም ያውቃል። አልማዜ ነጠላዋን ከፊቷ አውርዳ ወንድሟን አየችው። በሪሁንም አያት። ጎሬ ላይ ከትምህርት ቤት እንደወጣ የቀረው ታናሻቸው፣ ስምንት ዓመት ሙሉ በሁለቱ መሃል ያልተነሳው፣ ያን ጊዜ እዚያ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ያህል ነበር። በሪሁን መጀመሪያ ዐይኑን ሰበረ።

ዲዩ በኑዌርኛ ደገመው፤ ከኑዌሮቹ በኩል ሳቅ አልመጣም። ለአኙዋክኛው ሽማግሌው ተጠሩ። ሽማግሌው ብድግ አሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ካድሬውን አዩ፤ "እኔ ይኼ ይቅርብኝ" ብለው ተቀመጡ። "ገብቷቸዋል።"

ካድሬው ወደ በሪሁን ጆሮ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ። ዘውዱ ከፊት ስለነበር ሰማው፤ "ይኼ በሽታ ከዚህ ከተማ ይውጣ" ነው ያለው። በሪሁንም አጀንዳው መዘጋቱን፣ የሕክምናው ጉዳይ በኮሚቴው እንደሚታይ አስታወቀ። የመዝጊያው መፈክር ሦስት ጊዜ ተባለ። ዘውዱ በአማርኛው አልተንቀሳቀሰም፤ በአኙዋክኛውም፤ በኑዌርኛውም። ሊሞክር እንኳ ጉልበት አልነበረውም። በዚያ ቀን ግን ግራ እጁን ያላነሳው እሱ ብቻ አልነበረም።

አመሻሹ ላይ፣ ፀሐይዋ ከባሮ ማዶ ቀልታ ስትወርድ፣ በሪሁን መጣ። በሩ ላይ ቆሞ አንኳኳ፤ አራት ዓመት የኖረበትን ቤት በር ሲያንኳኳ የመጀመሪያው ነበር። "ግባ እንጂ" አለች አልማዜ። ገብቶ ቆመ። ቁጭ በል የሚለው ሰው ጠበቀ፤ ማንም አላለውም፤ ራሱ ተቀመጠ። አልማዜ ሳህኑን አውጥታ ፊቱ አስቀመጠችለት፤ የቀዘቀዘ ሽሮ ነው፤ ስለ ቅጥነቱ ምንም አላለም።

"እትዬ" አለ በመጨረሻ። ምን ሊል እንደነበር አልታወቀም፤ ከኪሱ ወረቀቱን አወጣ። የይለፍ ወረቀቱ ነው፤ ማኅተሙ ገና አልደረቀም፤ ወይን ጠጅ ቀለሙ አውራ ጣቱ ላይ አለ። ከዘውዱ ስም ሥር፣ በአስታማሚ ቦታ፣ የአልማዜን ስም ጽፏል፤ ይህን ማንም አልጠየቀውም ነበር። ዘውዱ በልማዱ፣ ሰነድ እንደሚመረምር ሰው፣ ከላይ እስከ ታች አነበበው። አንድ መስመር ባዶ ነበር።

"የምመለስበትን ቀን አልሞላኸውም።"

በሪሁን ጣቱ ላይ ያለውን ቀለም ያሽ ጀመር። "ዶክተሩን አነጋግሬዋለሁ" አለ። "ጋሼ፣ አንተ ሙላው።"

"ጋሼ" የምትለው ቃል በጠባቡ ክፍል ውስጥ ቀረች። አልማዜ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ቀኑ ለምን ባዶ እንደተተወ እሷም ገብቷታል። ዘውዱ ብዕር ጠየቀ። በሪሁን ብዕሩን ዘረጋለት፤ የዘውዱ እጅ ግን ከጉልበቱ አልተነሳም። በሪሁን ብዕሩን እንደዘረጋ ጠበቀ። ዘውዱ ጣቶቹን ጨበጠ፣ ዘረጋ፤ ጨበጠ፣ ዘረጋ። በሪሁን አብሮ ይቆጥር ነበር፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል። አሥር ሲሞላ እጁ ተነስቶ ብዕሩን ያዘ፤ ሃያ ሁለት ዓመት በመዝገብ ላይ በጻፈበት በዚያ በሚያምር ቁም ጽሑፍ፣ ባዶው መስመር ላይ "የካቲት ፫ ቀን ፲፱፻፸፰" ብሎ ጻፈ።

በሪሁን ወረቀቱን ወደ ራሱ አዙሮ አየ። በጣቱ ቆጠረ። "ሰኞ ነው" አለ።

"ሰኞ ነው።"

"የሚቀጥለው ስብሰባ እሑድ ነው እኮ። የካቲት ሁለት።"

"አውቃለሁ" አለ ዘውዱ። "ምን ይደረግ፤ አያደርሰኝም።"

በሪሁን ሊስቅ ነበር፤ ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ሌላ ነገር ሆነበትና ፊቱን በክንዱ ጠረገ። በዚያው ቅጽበት የዘውዱ እጅ ደከመ፤ ብዕሩ ከጣቶቹ ሾልኮ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ተንከባሎም አልጋው ሥር ገባ። የቀበሌው ሊቀመንበር በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ጭንቅላቱን አልጋው ሥር አግብቶ፣ በግራ እጁ አነሳለት።